ሰባት ቤት ስትቆጥሩ

የጉለሌ ወጣቶች፣ የሰፈራችሁ ስም ራሱ የዘር ስም መሆኑን ታውቃላችሁ? ጉለሌ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ምድር ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥታችሁ በሱሉልታና በጫንጮ አድርጋችሁ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ደግሞ ፍቼ ትደርሳላችሁ። ፍቼ የሰላሌ ገዢዎች የራስ ዳርጌና የልጅ ልጃቸው የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ መቀመጫ ነበረች። የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ቤት ነው።

በቀድሞዋ ፈረንሳይ የመስፍን የበኩር ልጅ የአባቱን ማዕረግ ይወርስ ነበር፤ የንጉሡ ዘውድ ግን በሴት በኩል አይተላለፍም። በአገራችን ነገሩ የተለየ ነበር። ራስነትና ደጃዝማችነት የሚገኙት በንጉሥ ሹመት ነው። የራስ ልጅ ሲወለድ «ልጅ» ተብሎ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማዕረግ መሾም አለበት። ትውልድ ሲቆጠር ግን እናትም እንደ አባት ትቆጠራለች።

ራስ ካሣን ተመልከቱ። አባታቸው የላስታው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ፣ እናታቸው የራስ ዳርጌ ልጅ ናቸው። ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ተፈሪ መኮንንም ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአያታቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው። እንግዲህ ሁለቱም ከሣህለ ሥላሴ እኩል ይርቃሉ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ካሣ «እኔስ?» ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ከተፈሪ ጎን ቆሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልተለዩም።

ይህ ታማኝነት ብዙ አስከፍሏል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ራስ ካሣ በሰሜን ግንባር ጦር መሩ፤ በኋላም ተሰደዱ። ሦስቱ ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን አገር ቤት ቀርተው ነበር። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሦስቱም በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። አበራና አስፋወሰን የተገደሉት እዚያው በቅድመ አያታቸው ከተማ በፍቼ ነው። አባት ከስደት ሲመለሱ የጠበቃቸው ሐዘን ምን ያህል እንደ ነበር ገምቱ።

ራስ ካሣ በ1949 ዓ.ም. ዐረፉ። የተረፈው ልጃቸው አሥራተ ካሣ በተራቸው ተሹመው ልዑል ራስ ተባሉ፤ ኤርትራንም አስተዳደሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት ዘውዱም የመሳፍንቱ ማዕረግም በአዋጅ ቀረ። ፈረንሳዮች የመኳንንትን የውርስ ማዕረግ የሻሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ነበር።

ማዕረጉ በአዋጅ ሲሻር ያልተሻረው ምን እንደ ሆነ አስቡ። ካሣ ዘውዱን አለመሻማታቸው፣ ሦስቱ ወንድማማች ለአገር መሞታቸው በሹመት የተገኘ ስላልነበረ ሻሪ አላገኘውም።

ቤታችሁ ራስም ደጃዝማችም አልነበረው ይሆናል። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ግን ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ሰባት ቤት ቁጠሩ፤ በእናትም በአባትም። ስማቸውን ብቻ ጽፋችሁ አትነሡ፤ ስለ እያንዳንዳቸው «ለማን ታመነ? ምንስ ከፈለ?» ብላችሁ ጠይቁ።