የማር እንጀራ በመኪና አፍንጫ

በመቀሌው ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ በክፍት ድስት የተጣደ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። ወጥ ቤት ውስጥ ጉዳቱ ምሳ መዘግየቱ ነው። ለሹፌር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በቅርቡ ከሰማዕታት ሐውልቱ ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ዳር አንድ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሞ ነበር። ወጣቱ ሹፌር የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ጠቅልሎ ሊያዞር ሲል አንድ አዛውንት፣ «ተው ልጄ፣ አትንካው! መጀመሪያ ይብረድለት» ብለው እጁን ያዙት። ጆሯችንን ብንሰጥ ክዳኑ ሥር ፉጨት ይሰማ ነበር።

የዚያ ራዲያተር የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከውድድር መኪና ነው። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ላይ ማቀዝቀዣው ከውኃ በርሜል ብዙም አይለይም ነበር፤ ውኃው እየተነነ ያልቃል፣ ሹፌሩ እየወረደ ይሞላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ዊልሄልም ማይባኽ ለ35 የፈረስ ጉልበቱ መርሴዲስ 8,070 ትንንሽ ቱቦዎችን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ ነፋስ በቱቦዎቹ ውስጥ፣ ውኃ ደግሞ በመካከላቸው እንዲያልፍ አደረገ። 9 ሊትር ውኃ በቃው። መኪናው በመጋቢት 1893 ዓ.ም. በፈረንሳይ የኒስ ውድድር ሳምንት፣ የላ ቱርቢን ዳገት ጨምሮ፣ ተቀናቃኞቹን አስከትሎ ገባ። ጀርመኖች ያንን ራዲያተር የሰየሙት በማር እንጀራ ነው። ነጭ ማር ለሚያውቅ የትግራይ ሰው ከዚህ የቀረበ ስም አይገኝለትም።

እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለች መኪና ለአጼ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። የሰሜኑ ዳገት ግን የመኪና ሞተርን በብዛት የቀመሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከአላማጣ ተነስቶ በግራት ካሕሱ ጥምዝምዝ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። ከዚያም ማይጨውና አላጀ ይከተላሉ። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጭነት መኪና፣ ፊያት 634፣ ይህን ይወጣ የነበረው በ80 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ያውም ጭነት ተሸክሞ ነው። በኋላ ኤንትሬ የተባለው የጭነት መኪና ተተካ። ረዳቱ ታኮ በአንድ እጁ፣ የውኃ ጀሪካን በሌላው ይዞ የሚዘለው ለዚህ ነበር። ቋንቋችን እንኳ ከዚያ ዘመን አልወጣም፦ ኮፈን፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን። ሞተር ሲግል አስቀድሞ የሚቃጠለው ጓርኒሲዮን ጣሊያንኛ ስሙን እንደያዘ ነው።

ታዲያ ዳገት ላይ ሞተር የሚግለው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ውኃ አነሰ ይላል። እኔ ግን የሚረሳው አየሩ ነው ባይ ነኝ። በመቀሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ራዲያተሩን አቋርጦ የሚያልፈው ነፋስ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱም ስለሚቀንስ ራሱን በራሱ ይቆጥባል። ቱርቦ የተገጠመለት የስፖርት መኪና ግን የሳሳውን አየር አምቆ ጉልበቱን ይዞ ለመቀጠል ይታገላል። ስለዚህ ሙቀቱ ያው፣ ነፋሱ ያነሰ ይሆንበታል። የሙቀትን ነገር ትልቅነት ለመገመት ቡጋቲ ቬይሮንን ማየት ይበቃል፦ 1,001 የፈረስ ጉልበት፣ 10 ራዲያተር። አንዱ ለሞተሩ ዘይት፣ አንዱ ለማርሹ ዘይት፣ ሌሎቹ ለውኃው፣ ለታመቀው አየርና ለሌላውም ተከፋፍለዋል።

ፖርሽ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። 911 የተባለው ዝነኛ መኪናው እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ በውኃ ፈንታ በነፋስና በዘይት ይቀዘቅዝ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው አሳምሮ የሚያውቃት ቮልስ የሥጋ ዘመዱ ናት። ቮልስ ውኃዋ አይፈላም፤ የላትምና። ቺንጋዋ የተበጠሰ ቀን ግን ጉድ ይፈላል።

ወደ ክዳኑ እንመለስ። ይህች ጭብጥ የማትሞላ ነገር ጫናውን አምቃ ስለምትይዝ፣ መቀሌ ላይ 93 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ታደርጋለች። ላስቲኳ ያረጀ እንደሆነ ራዲያተሩ ተራ ድስት ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ ጋለ ብሎ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣልም ልማድ ሆኗል። ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል፤ የጋለበት ምክንያት ግን እዚያው አለ።

ስለዚህ ግራት ካሕሱን ከመውጣትዎ በፊት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ የክዳኑን ላስቲክ በጣትዎ ይዳስሱት። ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። መንገድ ላይ ቢግልብዎት ዳር ይያዙና ያብርዱ፤ ቱርቦ ያለው ከሆነ ደግሞ ዳገቱን እንደጨረሱ ወዲያው አያጥፉት፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት። ክዳኑን በጋለበት አይክፈቱት፤ በጨርቅም ቢሆን።