በአንድ እግር መቆም፦ ከባሌት መድረክ እስከ ምርመራ ክፍል

የባሌት ዳንሰኛ በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ስታነሣ፣ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፈው በተነሣው እግር ላይ ነው። ሚዛኗን የሚጠብቀው ግን የቆመችበት እግር፣ በተለይም የዳሌ መገጣጠሚያውና በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። የዳንስ መምህራንና ሐኪሞች ወደዚህ ግንዛቤ የደረሱት በየራሳቸው መንገድ ነው።

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የንጉሣዊ ዳንስ አካዳሚን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1661 ነበር። አምስቱን መሠረታዊ የእግር አቋቋሞች የደነገገው የንጉሡ የዳንስ መምህር ፒየር ቦሻም እንደሆነ ይነገራል። አቋቋሞቹ ሁሉ እግርን ወደ ውጭ ማዞርን ይጠይቃሉ። በ18ኛው ምእት ዓመት የተማሪዎችን እግር በግድ የሚያዞር መሣሪያ እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር። ዣን ዦርዥ ኖቬር እ.ኤ.አ. በ1760 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች ይህን መሣሪያ አጥብቆ ነቀፈ፤ ዙረቱ ከዳሌና ከጭን መነሣት እንዳለበትም አስተማረ። ካርሎ ብላሲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1820 ሚላን ላይ ባሳተመው የዳንስ መማሪያ፣ የሰውነት ክብደት በቆመው እግር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ አሳሰበ።

ሐኪሞች ወደ ጉዳዩ የገቡት በሕሙማን በኩል ነው። ከውልደት ጀምሮ የዳሌ መገጣጠሚያቸው የወለቀ ሰዎች ሲራመዱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙት፣ የጭን አጥንት ራስ በየእርምጃው ወደ ላይ ስለሚንሸራተት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪኽ ትሬንዴለንቡርግ እ.ኤ.አ. በ1895 መጀመሪያ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህን አስተያየት ውድቅ አደረገ። ሕሙማኑ በአንድ እግር ሲቆሙ፣ በተነሣው እግር ወገን ያለው ዳሌ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ምክንያቱም በቆመው እግር ወገን ያሉት የመቀመጫ ጡንቻዎች፣ በተለይም ግሉቲየስ ሚዲየስ፣ ዳሌውን አግድም ይዘው ማቆየት አለመቻላቸው ነው። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በዚያው ዓመት መጨረሻ በመሆኑ፣ ትሬንዴለንቡርግ ለዚህ ድምዳሜ የበቃው በዓይኑና በሰውነት አሠራር እውቀቱ ነበር።

ጀርመናዊው የአጥንት ሐኪም ፍሪድሪኽ ፓውቬልስ እ.ኤ.አ. በ1935 ጉዳዩን በስሌት አብራራው። የሰውነት ክብደት ከመገጣጠሚያው ርቆ ሲጫን ጡንቻው የሚስበው ግን ከቅርብ ስለሆነ፣ ጡንቻው ከክብደቱ የበለጠ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት በአንድ እግር በተቆመ ጊዜ መገጣጠሚያው የሰውነትን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሸከማል።

ይህ ታሪክ ለዛሬው የጤና ባለሙያ የሚተወው ትምህርት አለ። ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ያመመው ዳንሰኛ ሲመጣ፣ የሚያመውን ቦታ ብቻ መመርመር አይበቃም። በአንድ እግር አቁሞ ከኋላ ማየት ያስፈልጋል። ዳሌው ባይወርድም እንኳ ደረቱ ወደቆመበት ወገን ካዘነበለ፣ የጡንቻው ድክመት በዚያ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ድክመት ከተገኘ ጡንቻውን ደረጃ በደረጃ ማጠንከር ይጠቅማል። የዙረቱን መጠን በከፊል የሚወስነው ግን የዳሌ ጎድጓዳና የጭን አጥንት አንገት አቅጣጫ ነው፤ ይህን ዕድገቱን በጨረሰ ሰው ላይ በልምምድ መለወጥ አይቻልም። ዳሌ ያልሰጠውን ዙረት ከእግር መዳፍ ለማግኘት መታገል ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይጠመዝዛል። ኖቬር የነቀፈው መሣሪያ ዛሬ ከዳንስ ክፍሎች ቢጠፋም፣ ወጣት ዳንሰኞች በገዛ እግራቸው ላይ ያንኑ ግዴታ እንዳይጭኑ መምከር የባለሙያው ድርሻ ነው።