ሃርድ ዲስክ እና የንዝረት ታሪክ

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላስተካክል ብሎ እየሠራ ያለ ኮምፒውተር ብድግ አድርጎ ዘጭ አደረገው። ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የአንድ ተርም የፈተና ውጤት በዚያው ቀረ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ተቆጣሁ። በኋላ ግን ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለምን መጠንቀቅ እንዳለበት መቼ አስተማርኩት? ስለዚህ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የአይቢኤም ራማክ ነው። በሬይኖልድ ጆንሰን የሚመራ ቡድን ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይሽከረከሩ ነበር። የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ! ሄድ በሚባለው ማንበቢያና በሳህኑ መካከል የነበረው ክፍተት የሚሊ ሜትር 50ኛ ገደማ ነው። ዛሬ ክፍተቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ሆኗል፤ አንድ ናኖ ሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሳህኑም በብዙዎቹ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል።

ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ ለፋብሪካዎች ችግር መጣ። ሄድና ሳህን ከመገጠማቸው በፊት በመፈተኛ ማሽን ላይ ይሞከራሉ። ማሽኑ ራሱ ከተንቀጠቀጠ ደህናው ዕቃ ብልሹ ተብሎ ሊጣል ይችላል። ታዲያ ምን አደረጉ? ማሽኑን ከባድ የግራናይት ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። የወለሉ ንዝረት እንዳይደርሰው ደግሞ ድንጋዩን አየር በተሞሉ እግሮች ላይ አቆሙት። የኩሽኔታ ኳሶች የቱንም ያህል ቢለሰልሱ ትንሽ መንቀጥቀጣቸው ስለማይቀር፣ የሚሽከረከረው ዘንግ በስስ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ ተደረገ። በኋላም በራሱ በሃርድ ዲስኩ ሞተር ውስጥ ኩሽኔታው በዘይት ተተካ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ብሬንዳን ግሬግ የተባለ መሐንዲስ በሥራ ላይ ባሉ ዲስኮች ላይ ሲጮህባቸው የሚያሳይ ፊልም ወጣ። በድምፁ ንዝረት ብቻ ዲስኮቹ ሥራቸው ሲዘገይ በመለኪያው ታየ!

ዛሬ ኤስኤስዲ የሚባለው ማስቀመጫ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ለኛ የሚደርሱን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ግን ብዙዎቹ ሳህን ያላቸው ናቸው። እናም ጠረጴዛው የማይወዛወዝ ይሁን፤ ጄኔሬተሩ ይራቅ፤ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ አይነሳ፤ ውጤትም ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ለኛ ለመምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናችን ራሱ ከተንቀጠቀጠ ጎበዙን ልጅ ሰነፍ ነው ብለን እንጥለዋለን። ተማሪውን ከመፈተናችን በፊት መለኪያችንን እናጽና።