የሐዳር የቅሪተ አካል ስፍራና የጉብኝት መረጃ

ሐዳር በአፋር ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት፣ በታችኛው አዋሽ ሸለቆ የሚገኝ የቅሪተ አካል ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በአየር መስመር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

የመልክዓ ምድሩ አፈጣጠር

በስፍራው የሚታዩት ቀይ፣ ቡናማና ግራጫ ንብርብሮች በጥንት ዘመን ሐይቅና ወንዞች ያከማቹት ደለል ናቸው። ቀይና ቡናማ ቀለሞች በአብዛኛው በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረት የመጡ ናቸው። በንብርብሮቹ መካከል የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ለተመራማሪዎች የዘመን መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ዝናብና ጎርፍ ኮረብታዎቹን እየሸረሸሩ የተቀበሩ አጥንቶችን ወደ ገጽ ያወጣሉ።

ዋና ዋና ግኝቶች

ድንቅነሽ (ሉሲ) ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በ1968 ዓ.ም. የቢያንስ 13 ግለሰቦች ቅሪቶች በአንድ ቦታ ተገኝተዋል። ከአዋሽ ወንዝ ማዶ በምትገኘው ዲኪካ ደግሞ የሕፃኗ ሰላም ቅሪተ አካል በ1993 ዓ.ም. ተገኝቷል። የዝሆን፣ የጉማሬና የአዞ ቅሪቶችም በአካባቢው ይገኛሉ። የድንቅነሽ አጽም በስፍራው አይታይም፤ የሚጠበቀው አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ነው።

ለእግር ጉዞ የሚደረግ ዝግጅት

ጉብኝቱ በደረቅ ወንዞችና በኮረብታዎች መካከል በእግር የሚደረግ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት የተሻለ ቅዝቃዜ አላቸው። ጎብኚዎች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት የክልሉን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ፣ በአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ መመራት፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ በቂ ውኃ፣ ባርኔጣና ጠንካራ ጫማ መያዝ ይኖርባቸዋል። በእግር መጓዝ የሚመረጠው በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ሩቅ ቦታ የዘነበ ዝናብ በደረቁ ወንዝ ድንገተኛ ጎርፍ ሊያስከትል ስለሚችል፣ በወንዙ መሄጃ ውስጥ ማረፍም ሆነ ድንኳን መትከል አይገባም።

የቅርስ ጥበቃ ግዴታ

አንድ አጥንት ከወደቀበት ቦታ ከተነሣ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣና የስንት ዓመት ዕድሜ እንዳለው ለማወቅ እጅግ ያዳግታል። የጠፋው መረጃም ዳግመኛ አይመለስም። ስለዚህ ቅሪተ አካልንም ሆነ የድንጋይ መሣሪያን ማንሳት፣ ማንቀሳቀስና መውሰድ ክልክል ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ማንኛውም ሰው ባለበት ሁኔታ ጠብቆ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ጎብኚው ቦታውን ፎቶ ግራፍ አንሥቶ ለአስጎብኚው ቢያሳይ፣ ግኝቱ ሳይነካ ለባለሙያ እንዲደርስ ይረዳል።