ጭንጫው መሬታችን፦ የስሜን ግርጌ አፈር ከየት መጣ? ወዴትስ እየሄደ ነው?

እንደሚታወቀው የአንድ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ታሪክ ሲጻፍ በቅድሚያ የሚነሱት የአባላት ቁጥር፣ የተሰበሰበው ካፒታል፣ የቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የተሠራው መጋዘን ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሊነሱ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ከዩኒየኑም ሆነ ከመሠረታዊ ማኅበራቱ በፊት የነበረ፣ ሁላችንም ከአባቶቻችን የተረከብነው አንድ ካፒታል አለ፤ እርሱም አፈር ነው። በዚህ ጽሑፍ የደባርቅን፣ የዳባትንና የስሜን ተራሮች ግርጌን አፈር፣ በተለይም አርሶ አደሩ «ጭንጫ» እያለ የሚጠራውን ስስና ጠጠራማ አፈር ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ከእሳት የተገኘ መሬት

የስሜን ተራሮች የተገነቡት ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ በወጣ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ቅልጡ በየጊዜው እየፈሰሰና እየቀዘቀዘ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ትልቅ የባሳልት ክምር ሠራ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን የዚሁ ክምር አካል ነው። ይህን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በቂ ትምህርት ቤት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየቆረጡ ባወጡት በዚህ መንገድ ላይ ጠንካራው ባሳልት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ በመካከሉ ያለው ለስላሳ ድርብርብ ደግሞ ተሸርሽሮ ደልዳላ ቦታ ፈጥሯል። የአፈራችንም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ በደልዳላው ላይ ይጠራቀማል፣ ከተዳፋቱ ላይ ይሸሻል።

በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የስሜን ከፍተኛ ጫፎች የበረዶ ግግር ነበረባቸው። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ባሉት አሥር ሺህ ያህል ዓመታት በውርጩ ክፍል በጓሳ ሣርና በአስታ ሥር ጥቁርና ለስላሳ አፈር ተፈጠረ። ዝቅ ባለው ተዳፋት ላይ፣ እንዲሁም ዝናብ አጠር በሆነው በአዲ አርቃይ ቆላና ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው የጃን አሞራና የበየዳ ክፍል ግን አፈሩ ከመጀመሪያውም ስስ ነበር። ምክንያቱም ድንጋይ ወደ አፈርነት የሚለወጠው በእርጥበትና በሥር አማካይነት ነው፤ እርጥበቱ ሲያንስ ሥራው ይዘገያል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ የተሠራውን ይዞት ይሄዳል።

ጭንጫ ማለት ምን ማለት ነው?

የአፈር ሊቃውንት ይህን አፈር «ሌፕቶሶል» ይሉታል፤ ቃሉ «ስስ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በዓለም አቀፉ አመዳደብ መሠረት ከላይ እስከ 25 ሴንቲሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ጠንካራ አለት የሚገኝበት፣ ወይም እጅግ ከመጠጠሩ የተነሳ ደቃቅ አፈሩ ከመጠኑ አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ መሬት በዚህ ስም ይጠራል። በዓለም ላይ 1.6 ቢሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍን በመሆኑ ከአፈር ዓይነቶች ሁሉ ሰፊውን ቦታ የያዘ ነው። በአገራችንም ተራራማ አካባቢዎች በብዛት ይገኛል። አርሶ አደሩ ግን መጽሐፍ ሳያገላብጥ ያውቀዋል፤ ማረሻው ሲንቋቋ፣ ክትክታው ሲበዛበት፣ ሰብሉ ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ ሲጠወልግ «ይሄ ጭንጫ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት። የባሳልት ጭንጫ በባሕርይው ድሃ አይደለም። ባሳልት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት ያለበት ድንጋይ በመሆኑ ከእርሱ የሚገኘው ደቃቅ አፈር ጥሩ ምግብ አለው። ችግሩ ማነሱ ነው። ነገሩን በውሃ እንመልከተው። ጥሩ ደቃቅ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ለሰብል የሚሆን 150 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይይዛል እንበል። 25 ሴንቲሜትር ከሆነ የሚይዘው 37 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ግማሹ ጠጠር ከሆነ ደግሞ ወደ 19 ይወርዳል። በቁመቱ ላይ ያለ ገብስ በቀን 4 ሚሊሜትር ቢጠጣ፣ ዝናብ ከተቋረጠ በኋላ ጭንጫው የሚያቆየው አምስት ቀን እንኳ አይሞላም፤ ጥልቁ ማሳ ግን ከአንድ ወር በላይ ይታገሳል። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዝናብ፣ የአንዱ ጎተራ ሞልቶ የሌላው ባዶ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማረሻው ወደ ተዳፋቱ ሲወጣ

አባቶቻችን መጀመሪያ ያረሱት ሜዳውንና ደልዳላውን ነበር። የሕዝብ ቁጥር ሲጨምር ማረሻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ አራሹን የመሬት ተጠቃሚ ቢያደርገውም መሬቱን ግን ሊያሰፋው አልቻለም፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ወጣት የደረሰው ወይ የአባቱ ማሳ ቁራጭ፣ ወይ ቀድሞ ለግጦሽ የተተወው ጭንጫ ነው።

በስሜን የአፈር መሸርሸር በሳይንስ መጠናት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። የበርን ዩኒቨርሲቲው የስዊዘርላንድ ጂኦግራፈር ሐንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስሜን ተራሮች የአፈር መሸርሸርን አጠኑ። ከዚያም በ1981 (እ.ኤ.አ.) ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከእነዚህ ልኬቶች በመነሳት በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ተገመተ።

ይህ ቁጥር ለእኛ ምን ማለት ነው? በአንድ ሄክታር ላይ የአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አፈር 12 ቶን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 42 ቶን ማለት በዓመት ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ነው። ባለ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ማሳ ይህን ለብዙ ትውልድ ይችለዋል። ባለ 25 ሴንቲሜትሩ ጭንጫ ግን በዚሁ አካሄድ 70 ዓመት ገደማ ብቻ ነው ያለው። ያውም አማካይ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲጠና ጊዜው ያጥራል። አያት የሰጠውን መሬት የልጅ ልጅ አለት ሆኖ ይረከበዋል ማለት ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ይህ ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም ስለገፋው በ1996 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። አፈር ሲጠብ ሰውና ዋልያ እንደሚጋፉ፣ በመጨረሻም አንዱ ቦታ እንደሚለቅ ከዚህ እንረዳለን።

እርከን ሲሠራ፣ እርከን ሲፈርስ

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከደረሱት ድርቆች በኋላ በአገሪቱ ሰፊ የእርከን ሥራ ተካሂዷል። አብዛኛው የተሠራው በምግብ ለሥራ ነበር። ሥራው በጎ ቢሆንም ገበሬው ሳይጠየቅ ከላይ በወረደ ዕቅድ መሠራቱ ጎድቶታል፤ እርከኑ ጠባቡን ማሳ ያጣብባል፣ አይጥና አረም ይሸሸግበታል የሚለው ቅሬታ ሰሚ አላገኘም። በመሆኑም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ።

የድንጋይ እርከን ራሱ ግን አላሳፈረም። በትግራይ በተደረገ ጥናት የድንጋይ እርከን የአፈር መታጠብን በአማካይ በ68 በመቶ እንደቀነሰ ተለክቷል። ከላይ ባየነው ስሌት 42 የነበረው ወደ 13 ቶን ይወርዳል፤ የጭንጫውም ዕድሜ ከ70 ወደ 200 ዓመት በላይ ከፍ ይላል ማለት ነው። በደቡብ የኮንሶ ሕዝብም ከ400 ዓመታት በላይ ደረቅና ድንጋያማ ኮረብታን በካብ እያረሰ ኖሯል፤ ይህ ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል። በምግብ ለሥራ የተሠራው ሲፈርስ የኮንሶ ካብ የቆመው ባለቤት ስለነበረው ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ያለ ጠረጴዛማ እርከን ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። አዋጁ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ማሳ ለሌለው ሰው «አትረስ» ማለት ብቻውን እህል አይሆንም።

ከአባላት ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ከጭንጫ ማሳ ላይ ጠጠሩን ሁሉ ለቅሞ ማውጣት አይመከርም። ትልልቁ ለካብ ይዋል፤ ትንንሹ ጠጠር ግን የዝናቡን ጠብታ ስለሚመክትና እርጥበትን ከፀሐይ ስለሚሸፍን ይቆይ። ሁለተኛ፣ ኩበት ምድጃ ውስጥ በገባ ቁጥር ለጭንጫው ውሃ የሚይዝለት ስፖንጅ ተቃጠለ ማለት ነው። ፍግና ኮምፖስት በቅድሚያ ወደ ስሱ ማሳ ይሂድ፤ ለማገዶ ደግሞ በየድንበሩ ዛፍ ይተከል። ሦስተኛ፣ በዩኒየናችን በኩል የሚቀርበው ማዳበሪያ እርከን በሌለው ተዳፋት ላይ ሲበተን ጎርፍ ይዞት ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ዕዳው ግን ከአባሉ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ እርከን ይቅደም፣ ማዳበሪያ ይከተል። አራተኛ፣ እጅግ የሳሳው ተዳፋት ለሣር፣ ለትሪ ሉሰርንና ለንብ ማነቢያ ቢተው በመኖና በማር መልክ ገቢ ይሰጣል፤ ይህም የሚሆነው ማኅበራችን የመኖና የማር ገበያ ካዘጋጀ ነው።

የአካባቢያችን ኃላፊዎችም የእርከንን ሥራ በኪሎ ሜትር ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ከዓመት በኋላ የቆመው ስንቱ እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። አንድ ሰው በራሱ ማሳ ላይ ብቻ የሠራውን እርከን ከላይ የመጣ የጎረቤት ጎርፍ ያፈርስበታል፤ ተፋሰሱ በሙሉ አብሮ ከተሠራ ግን ይቆማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእህል ሽያጭ ብቻ አይደለም። በሚቀጥሉት የዩኒየናችን በዓላት ከካፒታላችን ጎን በየተዳፋቱ የቀረን አፈር ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ለክተን ሪፖርት ለማቅረብ ያብቃን።