ባለ አንድ እግሩ የጎልፍ መምህር

ጎልፍ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ ነው ለሚሉኝ የእንግሊዛዊውን የኧርነስት ጆንስን ታሪክ አነሣላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1916 በፈረንሳይ ግንባር ቆስሎ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ከወራት በኋላ ግን በምርኩዝ ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ በአንድ እግሩ እየቆመ አሥራ ስምንቱን ጉድጓዶች በ83 ምት ጨረሰ። (በሁለት እግራቸው የሚቆሙ ስንቶች ከመቶ ምት መውረድ አቅቷቸዋል!) ኋላም በኒው ዮርክ ሲያስተምር፣ ተማሪው ስለ እጅና እግሩ መጨነቁን ትቶ የዱላውን ራስ ማወዛወዝ ብቻ እንዲያስብ ይመክር ነበር።

ይህ ምክር ስትሮክ ግማሽ አካሉን ላደከመበት ሰው የተነገረ ይመስለኛል። ሁለት እጆች አንድ ዱላ ሲጨብጡ ብርቱው ደካማውን ይመራል፤ ወገብ ሲዞርም ክብደት ቀስ በቀስ ወደ ሰነፈው እግር ይሸጋገራል። አንዱ እጁ ፈጽሞ ያልታዘዘለትም ቢሆን በሌላው ይመታል፤ በአንድ እጅ የሚጫወቱ ሰዎች ገና በ1932 በስኮትላንድ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል።