ካሳ፦ የእንባ ማበሻ ስም



ማኅበራችን ለልጆች በሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት ላይ አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ይህን ጽሑፍ አስጽፎናል። እዚህ አሜሪካ የቤተሰብ ስሟ ሆኖ በትምህርት ቤት መዝገብ የሰፈረው የአባቷ ስም «ካሳ» ነው። ቃሉን ቤት ውስጥ የሰማችው ግን ስለ መኪና አደጋና ስለ ኢንሹራንስ ሲወራ ነበርና «አባዬ የምን ካሳ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሊወስዳት የመጣው አባቷ አቀርቅሮ ዝም አለ።

«ካሰ» ማለት የጠፋውን ተካ፣ ለተጎዳው የጉዳቱን ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። በአገራችን ሰው ሲገደል ሽማግሌዎች መካከል ገብተው፣ የገዳይን ወገን የደም ካሳ አስከፍለው ቂም ያበርዳሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ጉዳት ያደረሰ ሰው ለተጎዳው የሚከፍለውን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን ሰው ከፍሎ የማይጨርሰው ጉዳት አለ። ልጇን የቀበረች እናት «እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ይካስሽ» የምትባለው ስለዚህ ነው። ቆይቶ ወንድ ልጅ ሲወለድላትና «ካሳ» ስትለው፣ ያ ምርቃት ደረሰልኝ ማለቷ ነው። ፈንጣጣና ወባ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሕፃን በሚወስዱበት ዘመን ስሙ በየመንደሩ መብዛቱ አያስደንቅም። ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ለሴትም ካሳነሽ ከዚሁ የወጡ ናቸው፤ ምትኩ፣ ተካልኝና ማስረሻም በትርጉም ዘመዶቹ ናቸው።

ይህ የኀዘንተኛ ቤት ስም እስከ ዙፋን ደርሷል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የትግራዩ ካሳ ምርጫም በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነግሠው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። ሁለቱም ሲነግሡ የልጅነት ስማቸውን ትተው የዙፋን ስም ያዙ። የመጀመሪያው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ፣ ሁለተኛው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ለአገራቸው ወደቁ። ሕዝቡ ግን የልጅነት ስማቸውን አልረሳም፤ ቴዎድሮስን እስከ ዛሬ «መይሳው ካሳ» እያለ ያነሣቸዋል።

የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ የነበሩት ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉም አሉ። በ1928 ዓ.ም. ተምቤን ላይ ጦር መርተው ከተዋጉ በኋላ ተሰደዱ። አገር ቤት የቀሩት ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። ካሳ ለተባለ አባት፣ በስደት አገር ሆኖ የሦስት ልጆቹን ሞት ለሰማ ሰው፣ ምን ካሳ ይበቃዋል?

ለተማሪዋም መልሳችን ከዚህ የተነሣ ነው። ልጅ ለልጅ ዋጋ ሆኖ አይከፈልም፤ የሞተውም አይተካም። ካሳ የተባለው ልጅ የዕዳ ክፍያ ሳይሆን፣ ወድቃ የነበረች እናት እንደገና የተነሣችበት ምክንያት ነው። ይህን ስንላት አባትየው ቀና ብሎ፣ ከእርሱ በፊት የተወለደ ታላቅ ወንድሙ በሕፃንነቱ ማረፉን ነገራት። ልጅቱ አጎት እንደነበራት የሰማችው ያን ቀን ነው።

ወላጆች ሆይ! በአገራችን ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የአያት ስም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ግን አንድ ጊዜ በወረቀት የሰፈረ ስም ለልጅ ልጅ፣ አማርኛ ለማያውቅም ይተላለፋል። ትርጉሙ ካልተላለፈ ግን የሚቀረው ድምፁ ብቻ ነው። እንግዲህ ስማችሁ ካሳም ይሁን ሌላ፣ ማን እንዳወጣላችሁና ስለ ምን እንዳወጣላችሁ፣ ኀዘን ቢኖርበትም እንኳ፣ ሳትደብቁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ጽፋችሁም አስቀምጡላቸው።

በሰው አገር ያጣነውን ሁሉ በልጆቻችን ይካሰን። አሜን።